መልስ፦ ላላገባች ሴት የቴሌቪዥን ዜና ክፍል ይከብዳል ወይ?
እህቴ፣ ሥራው ይከብዳል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ሥራውስ ባልከበደ ነበር፤ የሚከብደው ጅማ ላይ ሁሉም የሚያውቅሽ መሆኑ ነው። እዚሁ ጅማ መርካቶ ሽንኩርት ስትገዢ ነጋዴዋ ሒሳቡን ሳትነግርሽ በፊት «የማታው ቀሚስ አላማረብሽም፤ እንዲህ ሆነሽ ማን ያገባሻል?» ትልሻለች።

ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ልንዘግብ ጅሬን ኮረብታ ስንወጣ ዝናብ ወረደብን። ጅማ አይደል! ዘገባው እንደተላለፈ አክስቴ ደወሉ። ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ሥራ አንድም ቃል ሳያነሱ «ፀጉርሽን ምን ነካው?» አሉኝ።

ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቂው ግን ደረት ላይ ከሚሰካው ትንሽ ማይክሮፎን ነው። ካሜራው ቢጠፋም እሱ አይጠፋም፤ የድምፅ ባለሙያው ካልዘጋው በስተቀር የምትተነፍሽው ሁሉ መቆጣጠሪያ ክፍል ይሰማል። አንድ ቡና አምራች አባት ቃለ መጠይቁ እንዳለቀ «ልጄ፣ ባል አለሽ?» ብለው ጀመሩ። ያላገባ ልጃቸውን ከነመሬቱ ስፋት ሲያስረዱኝ ባልደረቦቼ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡ ነበር። ጨዋነቱ ይዞኝ ጥያቄ ሁሉ ጨመርኩላቸው። የድምፅ ባለሙያው ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ወይዘሪት ሄክታር» ነው የሚለኝ።