ወረዳው ይሰጣል፣ ማን ይገዛል?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ወረዳው «ተደራጁ፣ ውሰዱ፣ አምርቱ» ሲል ምን እናድርግ ይላሉ። ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የምንኖር ስምንት ልጆች ነን። ሦስታችን ዲግሪ ይዘናል፣ ሥራ ግን የለንም። ወረዳው በሌማት ትሩፋት 400 የ45 ቀን ጫጩት ውሰዱ፣ ሼድ እንሰጣችኋለን፣ ብድርም እናመቻቻለን ብሎናል። በዚህ ሳምንት አሳውቁ ተብለናል። እንግባበት ወይስ ይቅርብን?

መልስ፦ ግቡበት፣ ግን በዚህ ሳምንት አይሁን። የሌማት ትሩፋት ኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ ሲጀመር ሐሳቡ ወተቱም፣ እንቁላሉም፣ ማሩም ከገበሬው ቤት ሳይጠፋ ለገበያም እንዲተርፍ ነበር። እኔ ከልቤ የምደግፈው ሐሳብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ታች ሲወርድ ነው። ወረዳው ከላይ የተሰጠው ዕቅድ አለ፤ ይህን ያህል ወጣት አደራጅ፣ ይህን ያህል ጫጩት አሰራጭ ይባላል። ጫጩቱን ስትረከቡ የእሱ ሪፖርት ሞላ፤ የእናንተ ሥራ ግን ገና አልተጀመረም።

እስቲ ቁጭ ብለን እናስላው። የ45 ቀን ጫጩት መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሞላት ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ተኩል ያህል አንድ እንቁላል ሳታዩ ትቀልባላችሁ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አንዷ ብቻ ስድስት ኪሎ ገደማ መኖ ትጨርሳለች። ለ400 ሲሆን 24 ኩንታል ነው። መጣል ከጀመሩ በኋላ ደግሞ አንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትፈልጋለች፤ ለሁሉም ሲደመር በየቀኑ ግማሽ ኩንታል አካባቢ ነው። በእንቁላል ዶሮ ሥራ ከወጪው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚወስደው መኖ ነው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን መጀመሪያ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ብድሩ የጫጩቱን ዋጋ ብቻ ነው የሚሸፍነው ወይስ 24ቱን ኩንታልም ይጨምራል? ካልጨመረ በሁለተኛው ወር ገንዘብ ያልቅባችኋል፣ ዶሮዎቹም እንቁላል ሳይጥሉ ለወጥ ይሸጣሉ፣ ዕዳው ግን ይቀራል። በቡድን ዋስትና ስለምትበደሩ ሁለቱ አዲስ አበባ ቢገቡ የእነሱንም ድርሻ የምትከፍሉት የቀራችሁት ናችሁ። ይህን ከአሁኑ ተነጋገሩበት፤ የሚወጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣና ምን ጥሎ እንደሚሄድ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። 400 ዶሮ በደንብ ከተያዘ በቀን 300 እንቁላል ይሰጣል። አሥር ትሪ መሆኑ ነው፣ በየቀኑ፣ እሑድም ጭምር። ማን ይገዛችኋል? ለወረዳው መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለታችሁ ደብተር ይዛችሁ ቡታጅራን ዙሩ። እያንዳንዱ ሆቴል፣ ኬክ ቤትና ሱቅ በሳምንት ስንት ትሪ እንደሚወስድ፣ አሁን ከማን እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚገዛ ጻፉ። ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚመጣ እንቁላል ካለ በዋጋ ትወዳደሩታላችሁ ወይ? ድምሩ በሳምንት 70 ትሪ ካልሞላ 400 ይበዛባችኋል። 200 ስጡን በሉ። ወረዳው ቅር ቢለውም ይሰጣል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ጫጩቱን መስከረም ላይ ብትረከቡ መጣል የሚጀምረው ጥር ላይ ነው። እንቁላሉ ገና እየጨመረ ሲሄድ ሁዳዴ ይገባል፣ ሆቴሎቹም 55 ቀን ሙሉ እጃቸውን ይሰበስባሉ። እናንተ አካባቢ ሙስሊሙም ጴንጤውም ብዙ ስለሆነ ገበያው ጨርሶ አይሞትም፣ ግን ዋጋው ይወርዳል። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ከተረከባችሁ ግን መጣል የሚጀምሩት መጋቢት አጋማሽ አካባቢ ነው፤ ብዛቱ የሚመጣው በፋሲካ ሰሞንና ከዚያ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ «አሁን ካልወሰዳችሁ ያልፋችኋል» ቢሏችሁ የመረከቢያውን ወር እናንተ ለመምረጥ ጠይቁ።

ሌላው ፈንግል ነው። ክትባት ባላገኘ ቤት ከገባ በሳምንት ውስጥ ሊጨርሳቸው ይችላል። ስትረከቡ የትኞቹን ክትባቶች እንደወሰዱና የትኞቹ እንደቀሯቸው በወረቀት ተቀበሉ። የቀረውን ባለሙያ መጥቶ ይሰጣል ይሏችኋል፣ እውነትም ሊሰጣችሁ ይፈልግ ይሆናል። ግን የወረዳ በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል፤ ባለሙያው ሞተር ቢኖረውም ቤንዚን አያገኝም፣ ለዚያውም ከእናንተ ሌላ ብዙ ቀበሌ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንዱ በዓይን ጠብታና በመጠጥ ውኃ የሚሰጠውን ክትባት እንዲሠለጥን ጠይቁ። አስቸጋሪ ነገር የለውም። ብቻ ክትባቱ እስከሚሰጥበት ሰዓት ድረስ ከቅዝቃዜ እንዳይወጣ፣ በውኃ ሲሰጥም ክሎሪን ያለበት ውኃ እንዳይሆን።

ወረዳውን በዋናነት መጠየቅ ያለባችሁ ግን የገበያ ትስስር ደብዳቤ ነው፤ እንቁላሉን ከእናንተ እንዲገዙ የሚጠይቅ። ለሆስፒታሉ፣ ለኮሌጁ፣ በአካባቢው ምግብ ለሚያቀርብ ተቋም ሁሉ ይጻፍላችሁ። አንድ ቋሚ ገዢ ከመቶ ጫጩት ይበልጣል፣ ለወረዳው ደግሞ የሚያስወጣው ወረቀትና ማኅተም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ወንድሜ ፎገራ በአባታችን መሬት ላይ ሽንኩርት ያመርታል። አሁን የመሬቱን ደብተር አስይዞ ተበድሮ የውኃ ፓምፕ ሊገዛ ነው፤ ቀበሌውም አበረታቶታል። መሬቱን እንዳናጣ ፈራሁ። ብሩን እኔ ልላክለት?

መልስ፦ እህቴ፣ መሬቱ አይሸጥም። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ወንድምሽ የሚያስይዘው የመጠቀም መብቱን ነው። በአማራ ክልል በ2009 በወጣው የገጠር መሬት ሕግ፣ በአገር ደረጃ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 የተፈቀደ ነገር ነው። መክፈል ቢያቅተው አበዳሪው መሬቱን በባለቤትነት አይወስድም። ለተወሰነ ጊዜ እያከራየ ወይም እየተጠቀመበት ዕዳውን ያወራርዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ ቤተሰቡ ያን ጊዜ ከምን ይበላል? ስለዚህ ውሉ ላይ ስንት ዓመት እንደተጻፈ ሳታውቁ ማንም እንዳይፈርም።

ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ደብተሩ በማን ስም ነው? ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስምና ፎቶ አለበት። እናትሽ በሕይወት ካሉ እሳቸው ሳይስማሙና ሳይፈርሙ ብድር የሚባል ነገር አይታሰብ። ወንድምሽ ስሙ ከሌለበት ደግሞ ማስያዝ የሚችሉት አባታችሁ ናቸው እንጂ እሱ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው በዚህ ነው።

ብሩን ላኪ ወይስ አትላኪ ለሚለው ደግሞ ፓምፑ ችግር የለበትም፣ ሽንኩርቱ ነው የሚያስፈራው። ፎገራ ሁሉም በአንድ ሰሞን ተክሎ በአንድ ሰሞን ይነቅላል። ሽንኩርት ደግሞ ማስቀመጫ ከሌለ ቀን አይሰጥም፤ በክልሉ የጸጥታ ችግር መንገድ የተዘጋ ዕለት ማሳ ላይ ይበሰብሳል። አንቺ በላብሽ ያገኘሽው ብር እዚያ ላይ ሲቀር ማየት አልፈልግም። እኔ ብሆን ፓምፑን ብቻውን እንዲገዛ አልልክለትም፤ ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር አዋጥተው ይግዙ፣ ያንቺ ድርሻ የፓምፑ ሩብ ወይም ሲሶ ይሁን። ከተረፈሽ አየር የሚያስገባ የእንጨት ቆጥ መሥሪያ ላኪለት። በደንብ ደርቆ የገባ ሽንኩርት እዚያ ላይ ለሳምንታት ይቆያል፣ ወንድምሽም በዋጋ ለመደራደር ጊዜ ያገኛል። ቀበሌውንም ስለ ፓምፕ ብቻ ሳይሆን ስለ ማስቀመጫ ይጠይቀው፤ በቡድን ከመጡ የሚረዳቸው አካል ሊገኝ ይችላል። እና አደራ፣ ብሩን በባንክ ላኪው፣ ደረሰኙም ከዕቃው ሻጭ በወንድምሽ ስም ይውጣ።

ጥያቄ፦ አርሲ ውስጥ ገበሬ ነኝ። በኩታ ገጠም የቢራ ገብስ ዝሩ ተብለን ዘራን። አምና ፋብሪካው ጥራቱ አይሆንም ብሎ ግማሹን መለሰብን። ወረዳው ዘንድሮም ዝሩ ይላል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ገብስዎ የተመለሰው ምናልባት በፕሮቲን ወይም በእርጥበት ነው። ለቢራ የሚሆን ገብስ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ ነው የሚፈለገው። ለስንዴ ዩሪያ እንደምንጨምረው አብዝተን ወይም አዘግይተን ስንጨምር ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፤ ምርቱ ያማረ ይመስላል፣ ፋብሪካው ግን አይፈልገውም። አንድ ባለሙያ ለስንዴውም ለገብሱም አንድ ዓይነት ምክር ከሰጠዎት እዚያ ላይ ይጠይቁት፤ ለገብሱ ስንት ኪሎ ዩሪያ፣ በየትኛው ጊዜ? እርጥበቱ ደግሞ በችኮላ ወቅተው ከሆነ ነው።

ዘንድሮ ከመዝራትዎ በፊት የጽሑፍ ውል ይኑር። የግብርና ምርት ውል በ2015 በወጣው አዋጅ ሕግ ሆኗል፣ በቃል ብቻ አይቀበሉ። ውሉ ላይ የፕሮቲኑና የእርጥበቱ ልክ በቁጥር፣ ዋጋው በምን እንደሚወሰን፣ የሚረከቡበት ቀን፣ ከልኩ ትንሽ ያለፈ ገብስ በስንት እንደሚቀነስ ይጻፍ። መጨረሻ ላይ ያልኩት እንዳይረሳ፤ እሱ ከሌለ ትንሽ ያለፈውም ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ውሉን በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ቢፈርሙት ይሻላል፣ ለብቻ የሄደ ገበሬ የሚሰማው የለም። ገብሱ ሲመዘን ናሙናው ሲወጣ አብረው ቆመው ይዩ። ከዚያው ናሙና ግማሹ ታሽጎ በማኅበሩ እጅ ይቆይ፣ ክርክር ቢመጣ እንደገና የሚመረመረው እሱ ነው።