የድሮ ናፍጣ መኪናችሁ መንገድ ላይ ይጠፋል? ጠይቁኝ፣ ግን ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዛችሁ

አዳማ ነኝ። የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። የማውቀው የድሮውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው፦ ስሪ ኤል፣ ፋይቭ ኤል፣ ዋን ኤች ዜድ። ስትጠይቁ ሞተሩ ምን እንደሆነ፣ ችግሩ መቼ እንደሚመጣና እስካሁን ምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። "ጉልበት የለውም" ብቻ አይበቃም።

ሁለት ነገር ከአሁኑ ልበል። ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ አትንቀሉ። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ አትተኩ። ዛሬ ደጋግሜ ስለምላችሁ አትሰልቹ።

ጥያቄ (ባለ ፒክአፕ)፦ መኪናዬ አልፎ አልፎ ጉልበት ያጣል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ (ባለ ሃይሉክስ)፦ ሰላም ማስተር። ሃይሉክስ ፋይቭ ኤል ነው። ወደ አሰላ ስወጣ ዴራን አልፌ ኢተያ ሳልደርስ ድንገት ይጠፋል። 10 ደቂቃ አቁሜው ስሞክር ይነሳል። ወንጂ ደርሼ ስመለስ ግን ምንም አይልም። ማታ ማታ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) ቀስ ብሎ ነው የሚያዞረው። የናፍጣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ የናፍጣ ፖምፓውን አሠራሁ፣ ባትሪውም አዲስ ነው። ኪሴ አለቀ።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ፖምፓውን ለማሠራት ግን ቸኩለሃል። መጀመሪያ ይህን ንገረኝ፦ ሲጠፋ እንዴት ነው የሚጠፋው? እያሳለ፣ እየተንገጫገጨ፣ ጉልበቱ እየቀነሰ ነው ወይስ ቁልፉን እንዳዞርከው ያህል ጭጭ ነው የሚለው?

እያሳለ ከሆነ ናፍጣ እያጠረው ነው። ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመ ቆሻሻ መሳቢያው ላይ ይለጠፋል። ዳገት ላይ ብዙ ናፍጣ ስለሚጠይቅ ያኔ ይታፈናል። ስትቆም ቆሻሻው ይወርዳል፣ መኪናው ይነሳል፣ አንተም "ዳነ" ትላለህ። በጠፋበት ሰዓት የታንኩን ክዳን ክፈት። አየር ፉት ብሎ ሲገባ ከሰማህ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። የአዳማ አቧራ ይህን ማድረግ ይችልበታል። ሌላው ዘዴ ወደ ፖምፓው በሚገባው መስመር ላይ አንድ ስንዝር ብርሃን የሚያሳልፍ የናፍጣ ቱቦ መግጠም ነው። አረፋ ካየህ አንድ ቦታ አየር እየሳበ ነው።

ጭጭ የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደኔ ሰፈር ይመጣል። ፖምፓው ላይ አንድ ሽቦ ብቻ የምትገባበት የናፍጣ ማጥፊያ ሶሌኖይድ አለ። ቁልፍ ስትከፍት ጠቅ ይላል። 12 ቮልት እስካገኘ ናፍጣ ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ከተቋረጠ ሞተሩ ይጠፋል። የድሮ ናፍጣ ሞተር ለመሥራት ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከሶሌኖይዱ ጫፍ ሽቦ በፊውዝ አውጥተህ ጋቢና ውስጥ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል እሰር፣ ሌላውን ጫፍ አካሉ ላይ። ከዚያ ንዳ። ሞተሩ ሲጠፋ አምፖሏም አብራ ከጠፋች ችግሩ ከቁልፉ፣ ከፊውዙ ወይም ከሽቦው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አምፖሏ እየበራች ከቀረች ግን ወይ ሶሌኖይዱ ሲሞቅ ይለቃል ወይ ናፍጣ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ሞተር ያስወርዳል።

ጥያቄ (ባለ ሃይሉክስ)፦ ጭጭ ነው የሚለው። ምንም አያስልም።

መልስ፦ በለው! እና ፖምፓው ምን አጠፋ? መብራቱና ሞተሪኖው ግን ሌላ ነገር ያስጠረጥሩኛል። ቴስተር ካለህ አሁን ውጣና ማሳውን ለካልኝ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ማለቴ ነው። የሶሌኖይዱን ሽቦ ንቀልና የትም እንዳይነካ ጠቅልለው፣ ሞተሩ እንዳይነሳ። ማርሹን ነጻ አድርግ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ (ገመዱ የሚታሰርበት ጉጥ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ)፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ባለ ንጹህ ቡሎን ላይ ያዝ። ሰው ቁልፉን ያዙር። 0.2 ቮልት አካባቢ ካሳየ ጥሩ ነው። ከ0.5 ካለፈ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ታሟል።

ጥያቄ (የዶልፊን ሹፌር)፦ ዲናሞ አስጠግኜ ከወጣሁ በኋላ ፍሬኑ ደረቀብኝ። ይገናኛል እንዴ?

መልስ፦ ይገናኛል! ነገ ጠዋት ሰው እንዳትጭን። የፋይቭ ኤል ዲናሞ ኋላው ላይ የቫኪዩም ፓምፕ አለው። ፍሬንህን የሚያቀልልህ እሱ ነው። ቱቦው ሳይመለስ ቀርቷል ወይ ተሰንጥቋል። የዘይት ቱቦዎቹንም እይ፣ ዘይት ካላገኘ ፓምፑ ይነክሳል። የሠራልህ ሰው ጋ ተመለስና እየሠራ አሳየኝ በለው።

ጥያቄ (የጥንት መካኒክ)፦ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቴስተር ምን አመጣው? እኛ ሞተር አስነስተን የባትሪውን ገመድ እንነቅላለን። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው። 40 ዓመት ሠርተንበታል።

መልስ፦ ጋሼ፣ እጅዎን አከብራለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም። አንደኛ፣ የድሮ ናፍጣ አንዴ ከተነሳ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የሚፈልገው፣ አለመጥፋቱ ዲናሞው ባትሪ ለመሙላቱ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ገመዱ ሲነቀል ቮልቱ በአንዴ ይዘላል። የዲናሞውን ዳዮድና ሬጉሌተር፣ ሲብስ ሬዲዮውንና የካንዴሌታውን (የሞተር ማሞቂያውን) ሰዓት ቆጣሪ ይዞ ይሄዳል። ባትሪው ላይ ቴስተር ያድርጉ፦ ጠፍቶ አድሮ 12.6፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5። በቃ።

(የጥንት መካኒክ)፦ እኛ ጋ አንድም ዲናሞ አልተቃጠለም።

(የዶልፊን ሹፌር)፦ ጋሼ፣ የኔን ማን አቃጠለው ታዲያ?

(ባለ ኤሌክትሪክ መኪና)፦ ወገን፣ ናፍጣ እኮ አበቃለት! ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ሽጡና ተገላገሉ።

(ባለ ሃይሉክስ)፦ ወንድሜ፣ ያንተን ኤሌክትሪክ መኪና ሽንኩርት ጭነህ ከመቂ አምጣውና እናያለን።

(ባለ ኤሌክትሪክ መኪና)፦ እኔ ቢያንስ ማደያ ተሰልፌ አላድርም።

(የዶልፊን ሹፌር)፦ እሱስ እውነት ነው። ሰልፍ ሸሽቼ በጄሪካን ገዝቼ ስንት ቀን ውሃ ያለበት ናፍጣ ቀዳሁ መሰላችሁ።

መልስ፦ ወደ ስራችን። የጄሪካኗ ግን ጥሩ ነጥብ ናት፦ የናፍጣ ፊልትሮውን ታች በየሳምንቱ ፈታ አድርጋችሁ ውሃውን አፍስሱ። ኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን መብራቱና ክላክሱ በ12 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠራው፣ ማሳ አለው።

ጥያቄ (እናት)፦ ሰላም ወንድሜ። ላንድ ክሩዘር ዋን ኤች ዜድ ነው፣ ከባለቤቴ የቀረ። ሦስት ቀን ከቆመ አይነሳም። ባትሪ ሁለቴ ተቀየረ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስተኛ እንዳይሸጡልሽ። መኪናው ቆሞ የሚበላው ነገር አለ። ሁሉም ተዘግቶ የኔጌቲቩ ገመድ ይነቀልና አምፔር የሚለካ ቴስተር በእርሳሱና በገመዱ መሃል ይገባል። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ችግር የለም። ከበለጠ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀሉ ማየት ነው፣ የወረደበት መስመር ሌባው ነው። ሁሉም ተነቅሎ ካልወረደ የዲናሞውን ዳዮድ ጠርጥሪ። ቴስተሩ መሃል ላይ እያለ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር። አንዳንዱ ዋን ኤች ዜድ ደግሞ በሁለት ባትሪ 24 ቮልት ስለሆነ የሚለካልሽ ሰው ቀድሞ ያረጋግጥ።

ጥያቄ (ባለ ዲ ፎር ዲ)፦ የሞተር መብራት በርቶ ጉልበት ይቀንሳል፣ አጥፍቼ ሳስነሳው ይመለሳል።

መልስ፦ የሞተሩን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ ሰው ጋ ሂድ። ሳይነበብ ኢንጄክተር አትግዛ።

ጥያቄ (ባለ አይሱዙ)፦ የትኛው ባትሪ ይሻላል?

መልስ፦ የተመረተበት ቀን ቅርብ የሆነው። አዳማ ሙቀት ነው፣ ሙቀት ባትሪ ይበላል። ሲጎድል የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ አትጨምር። እርሳሱ ላይ ኮካ ማፍሰስም ይቅር፣ ለብ ባለ ውሃ በቤኪንግ ሶዳ እጠበው።

ጥያቄ (ባለ ፒክአፕ)፦ እኔን ዘለልከኝ። ጉልበት ያጣል አልኩህ እኮ።

መልስ፦ አልዘለልኩህም። ሞተሩ ምንድነው?

(ባለ ፒክአፕ)፦ ናፍጣ ነው።

መልስ፦ ...

(ባለ ፒክአፕ)፦ ስሪ ኤል መሰለኝ። አዲስ አበባና አሰላ ስወጣ ይደክመዋል። ጭስ የለውም፣ አይጠፋም።

መልስ፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ከአዳማ አሰላ 800 ሜትር ያህል ከፍታ ነው። የአየር ፊልትሮህን አራግፍ፣ ማርሽ ቀንስ። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ዳገት ነው።

(ባለ ሃይሉክስ)፦ ማስተር፣ ለካሁት። የጎረቤት ልጅ አዞረልኝ። 1.4 ቮልት!

መልስ፦ አየህ! አዲሱ ባትሪህ ጉልበቱን እዚያ ገመድ ላይ ነው የሚጨርሰው። ሁለቱንም ጫፍ ፍታ፣ እስኪያበራ ፈትግ፣ ግራሶ ቀብተህ አጥብቅ። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ገመዱን ቀይር። ወደ አካሉ የምትሄደዋንም ቀጭኗን ገመድ አትርሳ፣ መብራትህ በሷ ነው የሚመለሰው።

(ባለ ሃይሉክስ)፦ እሰይ! ስለዚህ ዳነ፣ አይጠፋም በቃ?

መልስ፦ ቆይ። ይህ ሞተሪኖውንና መብራቱን ነው የሚፈታው። ሞተሩ እየሠራ ሶሌኖይዱ ከዲናሞውም ያገኛል፣ ስለዚህ የዳገቱ መጥፋት ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። አንድ መኪና ሁለት ሕመም ይዞ ሲመጣ ሰው አንዱ ሲድን ተደስቶ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ኢተያ ላይ ቆሞ ይደውልልኛል። አምፖሏን እሰርና ዳገቱን ውጣ። ምን እንዳየህ እሁድ ንገረኝ።

(ባለ ሃይሉክስ)፦ እሺ። ለአምፖሏ ስንት ፊውዝ ላድርግ? ቤት ውስጥ የለኝም፣ ለዛሬ ቀጭን ሽቦ ብጠቀምስ?

መልስ፦ 3 አምፔር። ሽቦ አይሆንም። ነገ ጠዋት ገዝተህ እሰር።