በ40 ካሬ ጓሮ ባቄላ ወይስ ኦክ?

ጥያቄ፦ ግንፍሌ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ከቤቴ ጀርባ 40 ካሬ የምትሆን ጓሮ አለችኝ፤ ሁለት በጎችም አሉኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ባቄላ እዘራባታለሁ። ዘንድሮ ውጭ አገር የሚኖረው ልጄ ለፋሲካ ሲመጣ አንድ እፍኝ የኦክ ዛፍ ፍሬ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። «ባቄላ የአንድ ክረምት ነው፤ ይሄ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ እንጨቱም ውድ ነው» ይለኛል። ጎን ለጎን ይሆናሉ? ካልሆነስ የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ስለ እንጨቱ ያለው ልክ ነው። ስለ ጓሮዎ ግን ተሳስቷል። ባቄላዎን ይዝሩ፣ ኦኩን ይተዉት። በዚህ ብቻ ብጨርሰው ልጅዎን ማሳመን ስለሚቸግርዎት ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ ያቺን እፍኝ ፍሬ እንያት። እኛ የለመድነው ባቄላን ነው። ደርቆ፣ ተወቅቶ፣ ጆንያ ውስጥ ከርሞ በዓመቱ ይዘራል፤ ይበቅላልም። የኦክ ፍሬ እንዲህ አይደለም። ደረቀ ማለት ሞተ ማለት ነው። በአገሩ ዛፉ ፍሬውን የሚያራግፈው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ያኔ እርጥበቱን እንደያዘ መሬት መግባት አለበት፤ ካልሆነም ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ መክረም አለበት። ለፋሲካ ሻንጣ ውስጥ የገባው ግማሽ ዓመት ደርቋል ማለት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጨምሩት። የሚንሳፈፈው ወይ ደርቋል፣ ወይ ውስጡ ተበልቷል። ልጣጩ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ካዩ ደግሞ ትል ወጥቶበታል።

እዚህ ላይ ልጅዎ አይቀየመኝና፣ ዘርም ሆነ ችግኝ ከውጭ ያለ ኳራንቲን ፈቃድና ያለ ጤና ማረጋገጫ ማስገባት አይፈቀድም። ለቢሮክራሲ አይደለም። በአንዲት ፍሬ ውስጥ የተደበቀ ትል ወይም ሻጋታ እዚህ የሌለ ተባይ ይዞብን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቢሰጥምም አይትከሉት። ቆሻሻ ገንዳ ወይም ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥም አይጣሉት። ከሰሉ ሲቀጣጠል አብረው ያቃጥሉት።

አሁን ዛፉ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ብለን እናስብ። ኦክ አንድ ዛፍ አይደለም፤ ከ400 በላይ ዝርያ ያለው ትልቅ ቤተሰብ ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን «የመምሬ የአድባር ዛፍ» የተባለውን ብዙ የውጭ ትርጉሞች ኦክ ይሉታል፤ ልጅዎም ይህንን ሳይሰማ አይቀርም። በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ በኩል ነው። በእኛ አገር የለም። የአውሮፓው ዓይነት የሙቀቱና የብርዱ ወቅት በግልጽ በሚለያይበት አገር የኖረ ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲጠና ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ሲሞቅ ይነቃል። አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለወጥም። ዛፉ መቼ እንደሚተኛ ግራ ይገባዋል። የሜክሲኮ ደጋማ ቦታዎች ላይ የሚበቅሉት ዝርያዎች ለእኛ አየር ይቀርባሉ፤ ግን ለ40 ካሬ እነሱም አይሆኑም።

ምክንያቱም ቦታው ነው። ያደገ ኦክ ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል። ቅርንጫፉ 15 ሜትር ቢዘረጋ ጥላው ብቻ ከጓሮዎ 4 እጥፍ ይበልጣል። የእርስዎን ቆርቆሮ፣ የጎረቤትን ግድግዳ፣ የመንገዱን የመብራት ሽቦ ያስቡት። ሥሩ ደግሞ ገና ከጅምሩ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቆይቶ ወደ ጎን ይሰፋል። ጎን ለጎን ላሉኝ፣ አይሆንም። ባቄላ ጥላ አይወድም፤ ኦክ ከሥሩ የሚያስጠጋው ጥላ የሚችለውን ተክል ብቻ ነው።

ጥቅሙንስ? አልክድም፣ ትልቅ ነው። መርከብ ተሠርቶበታል፤ የወይን በርሜል እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ቅርፊቱ ቆዳ ለማልፋት አገልግሏል። ቡሽ የምንለው የጠርሙስ መክደኛ የአንድ ኦክ ቅርፊት ነው። ሰዎቹ ዛፉን አይቆርጡትም፣ ይልጡታል። ግን መጀመሪያ የሚላጠው 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 9 ዓመት ይጠብቃሉ። የአውሮፓው ኦክ ደህና አድርጎ ፍሬ ለመስጠት 40 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ለጥሩ ጣውላ ደግሞ መቶ ዓመት ብዙ አይደለም። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ይህችን ከተማ ከማገዶ ችግር ያወጣት እኮ ቶሎ ስለሚደርስና ሲቆረጥ ስለሚያቆጠቁጥ ነው። ያኔ ኦክ ተተክሎ ቢሆን ጣውላው ገና አሁን ነበር የሚደርሰው።

ስለ በጎቹም ልንገርዎ። የኦክ ፍሬና ለጋ ቅጠል ታኒን ይበዛበታል። ሻይ ሲወፍር አፍ የሚያኮማትረው ነገር ማለት ነው። ስፔኖች አሳማዎቻቸውን በኦክ ፍሬ ያደልባሉ፤ ላም፣ ፈረስና በግ ግን አብዝተው ከበሉት ኩላሊታቸው ይጎዳል። የባቄላ ገለባ ግን ለበጎችዎ ግሩም ምግብ ነው።

እንግዲህ ወደ ባቄላው። ባቄላ ደጋ ወዳድ ነው፤ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ይስማማዋል። እርስዎ ያሉበት 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ መሐል ላይ ነዎት። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ይዝሩ። በመስመር መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፣ በፍሬ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ይህ በካሬ 25 ተክል፣ በጓሮዎ 1,000 ያህል ይሆናል። ለዚህ እንደ ፍሬው ውፍረት ከግማሽ ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ዘር ይበቃል። ብዙ ሰው በመዳፉ በትኖ ይሸፍንና በኋላ ማረሙ ያቅተዋል። ፍሬውም ላይ ላዩን አይሁን፤ ጣትዎ የሚያህል ጥልቀት ይግባ።

የባቄላ ጠላቱ የቆመ ውሃ ነው። አፈርዎ ክረምት ላይ ጫማ የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ መረሬ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ይሥሩና መሐሉ ላይ ቦይ ይተዉ። ወልኪ የሚባለው ዝርያ የወጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቁር አፈር ነው። ቀይ አፈር ከሆነ ሌሎቹም ይሆናሉ፤ ሲኤስ 20 ዲኬ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ ገበልቾ ደግሞ ፍሬው ወፍራም ነው። ከገበያ የሚገዙት የሹሮ ባቄላም ይበቅላል፤ ግን ነቀዝ የበላውንና የተሰነጠቀውን አንድ በአንድ ይልቀሙ።

ዩሪያ አይጨምሩበት። ገንዘብዎን መድፋት ነው። ባቄላ ዩሪያው የሚሰጠውን ናይትሮጅን ራሱ ከአየር ያመጣል፤ ሥሩ ላይ የሚኖሩት ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚሠሩለት። ሊያብብ ሲቃረብ አንዱን ነቅለው ሥሩን ይዩት። ትናንሽ እብጠቶች አሉ። አንዱን በጥፍርዎ ሲሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ናቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ደክመዋል። አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን ይደክማሉ፤ ያኔ ኖራ ይረዳል። ኦክም እንዲሁ ያለ ረዳት አይኖርም፣ የእሱ ረዳት ግን ሥሩን የሚያለብስ የፈንገስ ዓይነት ነው። ያ ፈንገስ በማያውቀው አፈር ላይ ዛፉ ይቀጭጫል። የበጎችዎ ፍግ በደንብ ከበሰለ ለባቄላዎ በቂ ነው።

አረሙን ባቄላው ከተዘራ ወር ሳይሞላው አንዴ፣ ከማበቡ በፊት ደግሞ አንዴ ያውጡት። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ከታየ ቸኮሌት የሚባለው በሽታ ነው፤ እርጥበትና መጨናነቅ ይወዳል። ቅጠሉ ከተኮማተረና አረንጓዴ እብጠት ካወጣ ግን ቆርምድ ነውና የታመመውን ነቅለው ያቃጥሉ። በየዓመቱ ባቄላ በባቄላ ላይ መዝራትዎን ደግሞ አልወደድኩልዎትም። በሽታው እዚያው አፈር ውስጥ እየጠበቀዎት ነው። በሚቀጥለው ክረምት ጎመን ወይም ድንች ያድርጉበት፤ ባቄላ ትቶት የሄደውን ናይትሮጅን ይበሉታል።

ስንት ያገኛሉ? የአገራችን አማካይ በሄክታር 20 ኩንታል አካባቢ ነው። በ40 ካሬ ሲሰላ 8 ኪሎ ደረቅ ባቄላ መሆኑ ነው። በደንብ ከተንከባከቡት ሊጨምር ይችላል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን መስከረም መጨረሻ ላይ እሸቱ ይበላል፣ ከኅዳር በኋላ ሹሮው አለ፣ ክኩ አለ፣ ስልጆው አለ፣ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑ አለ። «ባቄላ አለቀ ቢሉ» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ አልጨርሰውም፣ እርስዎ ያውቁታል።

ልጅዎ የግድ ዛፍ ልትከል ካለ ጥግ ላይ ትሪ ሉሰርን ይትከል። ለደጋ ይሆናል፣ እንደ ባቄላ ናይትሮጅን ያመጣል፣ ቅጠሉን በጎቹ ይወዱታል፣ ንብም ይቀስመዋል። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ካለ ደግሞ ዝግባ ወይም ወይራ ይግዛና ሰፊ ግቢ ላለው ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት ይስጥ። በችግኝ ጣቢያ «ሲልኪ ኦክ ነው» ብለው ግራቪሊያ ቢሸጡለት እንዳይታለል። በስሙ ኦክ ይባል እንጂ ዝምድና የላቸውም።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ዝናቡ ቢቋረጥ እንኳ ከግንፍሌ ወንዝ ውሃ ቀድተው ባቄላውን አያጠጡ። የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል፣ እሸቱ ደግሞ በጥሬው የሚበላ ነው። ከጣሪያዎ የሚወርደውን በበርሜል ያጠራቅሙ።