ያለ ሞተር ዓሣ ማጥመድ፦ ከጣና ዳር ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ያደግኩት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። የደንገል ታንኳ መቅዘፍ ያስተማሩኝ አንድ የነገደ ወይጦ አባት ናቸው፤ ነገደ ወይጦ ጣና ዳር የሚኖር፣ ታንኳ የሚሠራ ሕዝብ ነው። ዛሬ የምወጣው በትንሽ የእንጨት ጀልባ ነው፤ ጉልበቴ ግን አሁንም ሁለት መቅዘፊያ ነው። ባለፈው ሳምንት «ያለ ሞተር ስለ ማጥመድ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ገና ጀማሪ ነኝ። ከመንጠቆና ከመረብ በፊት ምን ልማር?

መልስ፦ ነፋስ። ዓሣው ቀስ ብሎ ይመጣል ወንድሜ፤ መጀመሪያ ነፋሱን ልመድ። ጠዋት ጣና ጸጥ ብሎ ይተኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ቀዝቃዛው አየርም ከሐይቁ ወደ የብስ መንፈስ ይጀምራል። ከቀትር በኋላ ይበረታል።

ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር፣ በአማካይ 8 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ሰፍቶ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና የተደራረበ ይሆናል። አንዱን አለፍኩ ስትል ሌላው ይደርስብሃል። ዝቅ ያለ ጀልባ ውስጥ ውሃ የሚያስገባው ይሄ ነው።

ሞተር ያለው ሰው ቢሳሳት ቤንዚን ያቃጥላል። ቀዛፊ ግን የሚከፍለው በክንዱ ነው። ስለዚህ ስትወጣ የመሄጃውን ሳይሆን የመመለሻውን ጉልበት አስብ። ትንሽም ነፋስ ካለ መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት እየገጠምክ ሂድ፤ ደክሞህ ስትመለስ ከኋላህ ይገፋሃል። እኔ አንድ ቀን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በላይ በላዩ ሲያዝልኝ «አንድ ብቻ ልጨምር» እያልኩ ቆየሁ። ነፋሱ ዞሮ ከፊቴ መጣ። ለወትሮው ግማሽ ሰዓት የማይሞላው መንገድ 3 ሰዓት ፈጀብኝ። መዳፌ ተልጦ ነው የደረስኩት።

ማዕበል ከያዘህ ጎንህን አትስጠው። የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ትንሽ ሰያፍ አድርገህ ያዝ። አትቁም፤ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ።

ጥያቄ፦ የደንገል ታንኳ እንዴት ነው የማይሰምጠው? ምን ያህልስ ያገለግላል?

መልስ፦ ደንገል ሐይቅ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። አገዳው ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ አየር የሞላበት። ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፣ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃ ስላላስገባ ነው። ታንኳ ውሃ ይገባዋል፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ነው። ለዚህ ነው ቀዛፊው ከፍ ባለ የደንገል መቀመጫ ላይ የሚቀመጠው። ችግሩ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ መክበዱ ነው። ሥራ ሲያልቅ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። በደንብ ተይዞም ዕድሜው ቢበዛ ጥቂት ወር ነው፤ ከዚያ አዲስ ይሠራል።

ታንኳን «ኋላ ቀር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከልቤ አዝናለሁ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉ የተቆረጠው ከጣና ነበር። የመጀመሪያዋ ጀልባ መንገድ ላይ ተበላሸች። ሁለተኛዋ ግን በ1970 ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የነገደ ወይጦ አባቶች የያዙት ሙያ እንዲህ ያለ ነው። ልጆቻቸው እንዳይተዉት ደንገሉም ዳርቻውም ሊጠበቅላቸው ይገባል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ በመቅዘፊያ ጀልባ ብቻዬን መረብ እጥላለሁ። ሁልጊዜ ይጠላለፍብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እየቀዘፍክ አትጣል፤ ሁለት እጅ ነው ያለህ። ከነፋሱ መነሻ በኩል ጀምር። የመረቡን አንድ ጫፍ በድንጋይ አስረህ ልቀቅና ነፋሱ ራሱ ጀልባውን ቀስ እያለ ይውሰድህ። አንተ መረቡን ብቻ ትለቃለህ። ጠዋት ስታወጣ ግን ተቃራኒው ነው። መጨረሻ ከለቀቅከው ጫፍ ጀምረህ ወደ ነፋሱ መነሻ እየጎተትክ ሂድ። ያኔ መረቡ ጀልባህን እንደ መልህቅ ይይዝልሃል፣ በላዩ ላይ አትንሳፈፍበትም። መረቡን ቤት ውስጥ ስታጥፍም የሚያንሳፍፈውን ቡሽ በአንድ በኩል፣ የሚያሰምጠውን የእርሳስ ብረት በሌላ በኩል ለይተህ አስቀምጥ። ግማሹ መጠላለፍ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ስለ መልህቅም አንድ ነገር ልጨምር። ገመዱን ከጀልባው ጎን በፍጹም አትሰር። ከፊት ይሁን። ጎን ላይ ከታሰረ አንድ ማዕበል ይበቃል ለመገልበጥ። ገመዱን ለመቁረጥ ቢላዋ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይኑር።

ጥያቄ፦ ጉማሬ ያስፈራኛል። እውነት ታንኳ ይገለብጣል?

መልስ፦ ይገለብጣል፤ መፍራትሽም ትክክል ነው እህቴ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ወደ ውሃ ይመለሳል። እኛም የምንወጣው ያን ሰዓት ነው። ዋናው ነገር በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አለመግባት ነው። በደንገል መሐል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ስትገቢ የጀልባውን ጎን በመቅዘፊያ አንኳኪ፤ መምጣትሽን ይወቅ። ከፊትሽ ጠልቆ ከጠፋ ወደ ጥልቁ አትሂጂ፣ ወደ ዳር ተጠጊ። ግልገል ያላት ካየሽ ያን ቀን ሌላ ቦታ ሂጂ።

ጥያቄ፦ አምባዛ (ጢማሙ ዓሣ) ሳወጣ እጄን ወጋኝ። በጥርሱ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሁለቱ የጎን ክንፎቹ ፊት ላይ ጠንካራ እሾህ አለ። ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ከእሾሆቹ በስተጀርባ አጥብቀህ ያዘው ወይም በጨርቅ ሸፍነው። አምባዛ ከውሃ ወጥቶም አየር መሳብ ይችላል፤ ሞቷል ብለህ እግርህ ሥር አትተወው። ቁስሉን በሳሙና እጠበው። ካበጠ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ጥያቄ፦ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ዓሣ ለመያዝ ውሃው ውስጥ መጨመር ባህላችን አይደለም ወይ?

መልስ፦ የቆየ ነገር መሆኑን አልክድም። ግን ብርብራ መርዝ ነው። የዓሣውን አተነፋፈስ ነው የሚዘጋው፤ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። አንተ አሥር ትለቅማለህ፣ ጫጩቱ ሁሉ አብሮ ያልቃል። በመርዝ ማጥመድ በአዋጅ ቁጥር 315/1995ም ክልክል ነው። እባክህ አታድርገው።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ በገፍ ይገኛል ይላሉ። በታንኳ ሄጄ መረብ ብጥል ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚያደርገው።

ጣና ውስጥ ከደርዘን የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ጠጠር ባለበት፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ገባር ወንዝ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። አንተ በገፍ የምታያቸው ለዚህ ነው። እንቁላል የያዘች እናት ናት እዚያ ያለችው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣሉ ቀላል ገቢ ሆነ። በሚቀጥሉት ዓመታት እነዚህ ዓሦች በጣም አሽቆለቆሉ። ዝግ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይተኩም። ቀዛፊዎች «እኛ ትንሽ ነን፣ አንጎዳም» እንላለን። ወንዝ አፍ ግን ጠባብ ነው። አንድ ታንኳና አንድ መረብ ይዘጋዋል።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዝ አፍ ራቅ። ደንገል ዳር ቆሮሶ አለ፤ በምድር ትል በትንሽ መንጠቆ ይያዛል። አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት የያዘች ቆሮሶ ከወጣችልህ ቶሎ መልሳት፤ ልጆቿን የምታሳድገው በአፏ ነው። የጾም ወቅት ገበያው ሲደራ ቀዛፊም ድርሻ እንዲኖረው ክረምት ላይ መታገሥ አለብን።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምኖረው። ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ገዛሁ። ጣና ላይ የለመድኩት ይበቃኛል?

መልስ፦ ቀዘፋው ይጠቅምሃል፣ ውሃው ግን ሌላ ነው። ጣና ላይ ብትወድቅ ትዋኛለህ። እዚያ ቅዝቃዜው ነው የሚገድለው። «አንድ፣ አሥር፣ አንድ» የሚሉትን ያዝ፦ ለ1 ደቂቃ ትንፋሽህ ይቆራረጣል፣ ለ10 ደቂቃ ያህል እጅና እግርህ ይታዘዙሃል፣ ራስህን ለመሳት 1 ሰዓት ያህል አለህ። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ላይፍ ጃኬት ከለበስክ ነው። ሕጉ በካያኩ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እንዲኖር ያስገድዳል፤ አንተ ግን ይዘህ ሳይሆን ለብሰህ ውጣ። ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ልበስ። ዳር ላይ፣ ጓደኛ አጠገብህ ቆሞ፣ ተገልብጠህ መልሰህ መውጣትን ተለማመድ። ከ15 ዓመት ጀምሮ የማጥመድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግም አትርሳ።

ጥያቄ፦ እምቦጭ መመለሻዬን ዘጋብኝ። ምን ይደረጋል?

መልስ፦ እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰሜን ምሥራቁን ዳር ክፉኛ አስቸግሯል። ነፋስ ስለሚነዳው ጠዋት ክፍት የነበረው ማታ ይዘጋል። በመሐሉ ልሰንጥቅ አትበል፤ ጉልበትህን ይጨርሰዋል። ዳሩን ተከትለህ ክፍት ቦታ ፈልግ። ስትወጣም ሁለት መውረጃ አስብ። ውሃ የማያስገባ ቦቲ ሳታደርግ ውሃው ውስጥ አትውረድ፤ ዳር ላይ ቢልሃርዝያ አለ።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ አብሬ ልሂድ ይለኛል። ይዤው ልውጣ?

መልስ፦ ዋና ይችላል? ካልቻለ መጀመሪያ እሱን ይማር። ከቻለ ላይፍ ጃኬት ፈልጊለት። ካጣሽ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስሪለት፤ ከምንም ይሻላል። ውሃው ከወገቡ በማይበልጥበት ቦታ ጀምሩ። በመጀመሪያው ቀን መረብም መንጠቆም አትያዙ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንቺ ቀዝፈሽ ውሰጂው፤ ነፋሱ ሳይነሣ ደግሞ እሱ ቀዝፎ ይመልስሽ።