ሁለት ሜትር ወይስ አንድ ኪሎ ሜትር? በኮሮና ጊዜ ስለ ሰልፍ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ወገኖች። ጠይቁኝ ባልኩ ጥያቄው ዘነበብኝ። የተማርኩት ሕግ ነው። ሐኪም ስላልሆንኩ የክትባቱን ዘልዬዋለሁ። ከኢትዮጵያው በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ወረርሽኝ እያለ ሰልፍ ቢከለከል ምን ይገርማል?

አይገርምም። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 21 ራሱ የሕዝብ ጤናን እንደ ገደብ ምክንያት ይቀበላል። ገደቡ ግን በሕግ የወጣና የግድ የሚያስፈልግ መሆን አለበት። እኔ ገደብ ሲወጣ ቀድሜ የማየው የቱን ርቀት እንደሚለካ ነው።

ጥያቄ፦ የምን ርቀት?

እስራኤልን እዩ። በ2020 ሚያዝያ ቴል አቪቭ፣ ራቢን አደባባይ ላይ ሺዎች ሰልፍ ወጡ። መሬቱ ላይ ምልክት ተደርጎ፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው፣ ማስክ አድርገው ቆሙ። ይህ ሰውን ከሰው የሚያራርቅ ነው። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ የአገሪቱ ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ 46 ለ38 በሆነ ድምፅ ሌላ ሕግ አጸደቀ። ከቤቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ መሰለፍ ተከለከለ። ያኔ ኢየሩሳሌም፣ ባልፎር ጎዳና፣ በሙስና የተከሰሱት የጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ መኖሪያ ፊት በየሳምንቱ ሰልፍ ነበር። በሌላ ከተማ፣ በሃይፋ የሚኖረው ሰው እዚያ መድረስ ቀረበት። ይሄኛው ርቀት ሰውን ከባልፎር ነው ያራቀው።

ጥያቄ፦ ምኩራብ ተዘግቶ ሰልፍ ሲፈቀድስ? አድልዎ አይደለም?

ምርጥ ጥያቄ። በበዓል ቀን ከምኩራብ ደጅ መቅረት ያማል፤ የአማኞቹ ቅሬታ የምር ነበር። ልዩነቱ ጣሪያው ነው፦ ቫይረሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይብሳል። ደግሞ ሰው ከከተማ ከተማ ሲጓዝ በሽታውን ይዞ ይዞራል የሚለውም ባዶ ክርክር አይደለም። ተፋፍገው ሲጮሁ ለነበሩት ሰልፈኞችም ጥብቅና አልቆምም።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ ዝም አለ?

ኧረ ወዲያ! በየሰፈሩ ድልድይና መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ከቤቱ ሳይርቅ ባንዲራውን ይዞ ቆመ። አንዱ ሰልፍ በአንድ ሌሊት ብዙ ሆነ፤ ፖሊስ የቱን ይጠብቅ? ገደቡ በሁለት ሳምንት ገደማ አበቃ።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤትስ?

የኪሎ ሜትሩን ገደብ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2021 ሚያዝያ ሻረው። ግማሽ ዓመት አልፎ! የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን በ2020 ሚያዝያ፣ ጊሰን ከተማ ሰልፍ ስትከለክል፣ በቀናት ውስጥ «ጉዳዩን ለይታችሁ እንደገና እዩት» ብሎ መልሶላታል። የሰልፍ ፍርድ እንዲህ ካልፈጠነ ለታሪክ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኛስ ጋ?

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በደንብ ቁጥር 466 ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም አይነኩም ካላቸው ውስጥ የሰልፍ መብት፣ ማለትም አንቀጽ 30፣ የለም። ስለዚህ ማገዱ ራሱ ሕገወጥ አልነበረም። በአዘቦት ቀን ግን በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፤ «ፍቃድ ማውጣት» የምትሉት ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ ማስክ አድርጎ መሰለፍ ያስቀጣል?

እንደ አገሩ። ሆንግ ኮንግ በ2019 ጥቅምት ሰልፍ ላይ ማስክ ከለከለች። በዓመቱ መንገድ ላይ ያለ ማስክ የሄደ ሲቀጣ፣ ሰልፍ ላይ ያደረገ ደግሞ ሊከሰስ ይችል ነበር። ሁለቱም ሕግ አብረው ይሠሩ ነበር።