ቀስቷን ከመሳላችሁ በፊት

ውድ ወጣት የኬሚስትሪ መምህራን፣

ብዙ ዓመት ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው። ተማሪዎች የአንድን ሪአክሽን ፕሮዳክት፣ ማለትም ከሪአክሽኑ የሚገኘውን ነገር፣ እንዲገምቱ ስታስተምሩ ይጠቅማችኋል ያልኩትን ልንገራችሁ።

አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከአራቱ የሪአክሽን ዓይነቶች ነው፤ ኮምቢኔሽን (መዋሃድ)፣ ዲኮምፖዚሽን (መፈራረስ)፣ ሲንግል ዲስፕሌስመንት (አንዱ የሌላውን ቦታ መያዝ)፣ ደብል ዲስፕሌስመንት (ሁለቱ ቦታ መለዋወጥ)። ተማሪው ስማቸውን ይሸመድዳል፣ ከዚያ ፊደላቱን እያቀያየረ ይጽፋል። ብዙ ጊዜም መልሱ ልክ ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ልክ ስለመጣለት የገባው ይመስለናል።

እስቲ ይህን ጠይቁት። ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ክሎራይድ ከሟሟ ፖታሲየም ናይትሬት ጋር ቢቀላቀል ምን ይሆናል? ጎበዙ ሳይቀር ሶዲየም ናይትሬትና ፖታሲየም ክሎራይድ ብሎ ይጽፋል። ባላንስ መሆኑንም፣ ማለትም አተሞቹ በግራና በቀኝ እኩል መሆናቸውን፣ ያረጋግጣል። ብርጭቆው ውስጥ ግን ምንም አልተፈጠረም። አራቱም አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) እንደ በፊቱ ውሃው ውስጥ ተበታትነው አሉ። አሁን ፖታሲየም ናይትሬቱን በሲልቨር ናይትሬት ተኩት። ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ይታያል። ሲልቨር ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ወደ ፕሮዳክቱ የምታመለክተውን ቀስት ከመሳሉ በፊት ይጠይቅ። ውሃው ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? ሲገናኙ ዝቃጭ፣ ጋዝ ወይም ውሃ የሚሆኑ አሉ? ከሌሉ «ሪአክሽን የለም» ሙሉ መልስ ነው፤ ሙሉ ማርክ ስጡት። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየፈተናው አስገቡ። አለዚያ ልጁ ቀስት ባየ ቁጥር የሆነ ነገር መጻፍ ግዴታ ይመስለዋል።

ላብራቶሪ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ትንሽ ኮፐር ሰልፌት ካገኛችሁ ሚስማር በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጋችሁ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ንከሩ። ብዙ ሳይቆይ ቀላ ያለ የመዳብ ሽፋን ይይዛል። የመዳብ ሽቦ ዚንክ ሰልፌት ውስጥ ብትነክሩ ግን ምንም አይሆንም። ከመንከራችሁ በፊት ሁሉም ግምቱን ከነምክንያቱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ይህን አደራ እላችኋለሁ። ካየ በኋላማ ሁሉም «አውቄ ነበር» ይላል።

ምክንያቱን ሲያስረዱ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይናገሩ። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስለ ሚስማሩ «አይረን (ብረት) ኤሌክትሮኑን ከመዳብ ይልቅ በቀላሉ ይሰጣል» ብሎ በራሱ አንደበት ያስረዳ ልጅ፣ እንግሊዝኛውን በኋላ ይደርስበታል።

ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚሰጠው የሌላውን ቦታ ይይዛል የሚለው ሕግ ብቻውን የማይበቃበትንም አትደብቋቸው። መዳብ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ዝም ይላል። ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ግን ይሟሟል፤ የሚወጣውም ሃይድሮጅን ሳይሆን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው። (ጋዙ መርዛማ ስለሆነ ክፍል ውስጥ እንዳትሞክሩት።) አይረንም ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር አይረን ቱ ክሎራይድ (አይረኑ ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠበት)፣ ከክሎሪን ጋዝ ጋር ደግሞ አይረን ስሪ ክሎራይድ (ሦስት የሰጠበት) ይሰጣል። ጎበዝ ተማሪ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው። ጊዜ ስጡት።

ካልሲየም ካርቦኔትና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሰጥታችሁት «ካርቦኒክ አሲድ» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ በቀይ አትሰርዙበት። ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ የቀረው ካርቦኒክ አሲዱ ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መፈራረሱ ነው። የእንቁላል ቅርፊት አቼቶ ውስጥ ጨምሩና አረፋው ከየት እንደመጣ ጠይቁት።