በአርቪ ዘመድ ጥየቃ፦ መብራቱ፣ ሽንት ቤቱና መንገዱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሐምሌ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ኮሎምበስ ያለውን ወንድሜን፣ ከዚያም ሚኒያፖሊስ ያለችውን አክስቴን ልንጠይቅ 28 ጫማ አርቪ (መኝታ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ያለው መኪና) ተከራይተናል። ድራይቭዌያቸው ላይ አቁመን እዚያው ማደር እንፈልጋለን። መብራት ከቤቱ መሳብ ይቻላል? ኤሲውስ ይሠራል?

መልስ፦ መብራቱን መሳብ ይቻላል፤ ኤሲው ግን አይሠራም ብላችሁ ተነሱ። የዚህ ዓይነት አርቪ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 30 አምፒር ነው። የጋራዥ ሶኬት 15 ወይም 20 አምፒር ስለሆነ ማገናኛ አዳፕተር ያስፈልጋችኋል። አዳፕተሩ መሰኪያውን ያገጣጥማል እንጂ ኃይል አይጨምርም። ባለ 15ቱ ሶኬት በ120 ቮልት 1800 ዋት ይሰጣል፤ ለሰዓታት ለሚሠራ ዕቃ ደግሞ ከ1440 ዋት ባታልፉ ይሻላል። የጣሪያው ኤሲ ብቻውን ከ12 እስከ 16 አምፒር ይወስዳል፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። ቮልቱ ከ105 በታች ሲወርድ ኮምፕረሰሩ ይጎዳል። ስለዚህ ከቤቱ የምትስቡት ለባትሪ መሙያ፣ ለአምፖልና ለስልክ ይሁን፤ ፍሪጁ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ወደ ፕሮፔን አዙሩት። እንጀራ መጋገር ካስፈለገ ምጣዱን የዘመዳችሁ ኩሽና ውስጥ ሰኩት።

ኤክስቴንሽኑ ላይ አትቆጥቡ። ባለ 16 ጌጅ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ መሰኪያውም ይቀልጣል። 12 ወይም 10 ጌጅ የሆነ (ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል)፣ ከ25 ጫማ ያልበለጠ ግዙ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን ዳስሱት፤ ካቃጠለ ንቀሉ። ሶኬቱ እንደተሰካ ወዲያው ከጠፋ መጀመሪያ የውሃ ማሞቂያውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ አጥፍታችሁ እንደገና ሞክሩ፤ እርጥበት የገባበት ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ሰበብ ይሆናል። የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር ቆርጦ መሰካት ግን ሰው ይገድላል።

ጄኔሬተሩን ሌሊት ጎረቤት መሃል አታስነሱ፤ ጭሱ በመስኮት ከገባ የተኙትን ሊገድል ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው መሥራቱን ከመነሳታችሁ በፊት ፈትሹ። ነዳጅ እያለ ጄኔሬተሩ ቢቆም አትደንግጡ፤ ታንኩ ወደ ሩብ ሲወርድ እንዳይስብ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ወንድምዎንና አክስትዎን ይደውሉላቸው። ብዙ የሰፈር ማኅበራትና ከተሞች አርቪ ማሳደር ይከለክላሉ። የድራይቭዌዩን ርዝመትና ተዳፋትነት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ መኖሩንም ይጠይቁ፤ ቁመቱ ወደ 12 ጫማ ይጠጋል። ሲታጠፍ ጅራቱ ወደ ተቃራኒው ስለሚወጣ የፖስታ ሳጥን ይመታል፤ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ያሳይ። ተዳፋት ከሆነ ከጎማው ሥር ማስተካከያ ብሎክ አድርጉ፤ የጋዝ ፍሪጅ ዘንበል ብሎ ከቆየ ማቀዝቀዣው ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤቱስ?

መልስ፦ ቀን የዘመድ ቤት ተጠቀሙ፤ የአርቪውን ለሌሊትና ለመንገድ ተዉት። የጥቁሩን ታንክ፣ ማለትም የሽንት ቤቱን ቆሻሻ የሚይዘውን፣ መዝጊያ ሁልጊዜ ዝጉ። ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ተከምሮ ይደርቃል። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ዳምፕ ስቴሽን (የአርቪ ቆሻሻ መድፊያ ቦታ) ሄዳችሁ ጓንት አድርጋችሁ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ግራጫውን (የእጣቢ ውሃ ታንኩን) ልቀቁ፤ የእቃ ማጠቢያው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። ከዚያ ጥቁሩ ታንክ ውስጥ 2 ወይም 3 ጋሎን ውሃ ጨምሩ። በርካታ የፍላይንግ ጄ ማደያዎች ዳምፕ ስቴሽን አላቸው። ንጹሑን ታንክ ሞልታችሁ አትንዱ፤ 40 ጋሎን ውሃ ከ330 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፣ ነዳጅ ይበላል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ፊላደልፊያ የምንሄድ ከሆነስ የባልቲሞር ዋሻ ያሳልፋል?

መልስ፦ አያሳልፍም። በሁለቱም የባልቲሞር ዋሻዎች የአርቪ ፕሮፔን ታንክ ክልክል ነው፤ መዝጋቱ አይበቃም። ባልቲሞርን የሚዞረውን አውራ ጎዳና 695ን ይዛችሁ በምዕራብ በኩል ዙሩ። የምሥራቁ የኪ ድልድይ በመጋቢት 2024 ፈርሷል፤ ጂፒኤሳችሁ ካልታደሰ ወደዚያ ሊመራችሁ ይችላል።